ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ ከሚኒመም ዌጅ (በህግ ከተቀመጠው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ) በታች እየተከፈለኝ ነው፣ ምን ላድርግ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

እዚህ አካባቢ ሬስቶራንት፣ ፓርኪንግ፣ ጋዝ ስቴሽን፣ ሆም ኬር (ሰው ቤት ሄዶ መንከባከብ)፣ ጽዳት ላይ የሚሰራው ሀበሻ ብዙ ነው፣ ፎርም ሙሉልኝ እያለ የሚመጣው ሰው የሚጠይቀውም አንድ አይነት ነገር ስለሆነ አንድ ላይ ሰብስቤ ጻፍኩት። ጠበቃ አይደለሁም፣ የናንተ ጉዳይ ለየት ያለ ከሆነ ጠበቃ ጠይቁ፣ የት እንደሚገኝ ከታች አለ።

ሚኒመም ዌጅ አሁን ስንት ነው? ሰው ሁሉ የተለያየ ነው የሚነግረኝ

ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ነው። የሚታየው ደግሞ የምትሰሩበት ቦታ ነው እንጂ የምትኖሩበት አይደለም፣ አሌክሳንድሪያ እየኖረ ዲሲ የሚሰራ ሰው የዲሲው ነው የሚገባው። ዲሲ ከጁላይ 1 2025 ጀምሮ በሰዓት 17.95 ዶላር ነው፣ በየዓመቱ ጁላይ ላይ ስለሚስተካከል ጁላይ ሲገባ ቼካችሁን እዩት፣ ብዙ ቦታ ሳይነኩት ነው የሚያልፉት። ሜሪላንድ በስቴት ደረጃ ከ2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው ግን ሞንትጎመሪ ካውንቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ሮክቪል ማለት ነው) የራሱ አለው፣ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 51 ሰውና ከዛ በላይ ያለው ድርጅት 17.65፣ ከ11 እስከ 50 ሰው ያለው 16፣ ከዛ ያነሰው 15.50። ቨርጂኒያ በ2025 12.41 ነበር ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 12.77 ሆኗል። የፌደራሉ 7.25 ከ2009 ጀምሮ አልተነካም፣ እና "ህጉ እኮ ሰባት ምናምን ነው" የሚል አሰሪ ካጋጠማችሁ ዲሲም ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ላይ አይሰራም፣ ሁሌም ለሰራተኛው ከፍ ያለው ነው የሚያዘው።

ስገባ በ12 ዶላር ተስማምቼ ነው የገባሁት፣ አሁን መጠየቅ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ከሁሉም በላይ ሰው እንዲያውቀው የምፈልገው ይሄን ነው። ከሚኒመም ዌጅ በታች የተደረገ ስምምነት ስምምነት አይደለም፣ ተጨባብጣችሁም ቢሆን፣ ፈርማችሁም ቢሆን፣ እናንተ ራሳችሁ "ስራ ብቻ ስጡኝ በምንም ልስራ" ብላችሁ የገባችሁም ቢሆን። ኢትዮጵያ ውስጥ ለግል ድርጅት በህግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝ የለም፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል እንጂ ቁጥር አላስቀመጠም፣ ስለዚህ አብዛኞቻችን ደሞዝ ማለት ሁለት ሰው ተደራድሮ የሚጨርሰው ነገር ነው ብለን ነው ያደግነው። እዚህ ግን ከታች ወለል አለው፣ ከወለሉ በታች መደራደር የሚባል ነገር የለም። "ቃል ገብቼ" እያላችሁ ራሳችሁን አትክሰሱ።

በሰዓት አይደለም የሚከፈለኝ፣ በሳምንት ድፍን ብር ነው። እንዴት ነው የማውቀው?

አባዝታችሁ አካፍሉት በቃ። ለምሳሌ አንዲት ልጅ ዲሲ ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ በሳምንት 6 ቀን በቀን 10 ሰዓት ትሰራለች፣ እሁድ እሁድ 700 ዶላር በካሽ ይሰጣታል። 700 ሲባል ደህና ብር ይመስላል። 60 ሰዓት ነው የሰራችው፣ 700 ለ60 ሲካፈል 11 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነው የሚመጣው። የሚገባት ግን የመጀመሪያው 40 ሰዓት በ17.95 ሲሰላ 718 ዶላር፣ ከ40 በላይ ያለው 20 ሰዓት ደግሞ ኦቨርታይም ስለሆነ በአንድ ተኩል ማለትም በ26.925 ሲሰላ 538.50፣ ሲደመር 1256.50 ነው። በየሳምንቱ 556.50 ዶላር ኪሷ ሳይገባ ይቀራል። 50 ሳምንት ከሰራች 27,825 ዶላር። ይሄ መኪና ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ነው፣ እናትን ማሳከሚያ ነው፣ እና እሷ "700 ይከፍለኛል፣ ጥሩ ሰው ነው" እያለች ነበር።

"ሳላሪ (ቋሚ ደሞዝተኛ) ነህ ስለዚህ ኦቨርታይም የለህም" የሚባለው ነገርም ለኩክ፣ ለዲሽዋሸር፣ ለፓርኪንግ ሰራተኛ፣ ለካሸር አይሰራም። ከኦቨርታይም ነጻ የሚሆነው ስራው የእውነት ማናጀርነት ወይም ሙያ የሆነና ከተወሰነ ደሞዝ በላይ የሚያገኝ ሰው ነው፣ በአፍ "ማናጀር" መባል ብቻ አይበቃም።

አስተናጋጅ ነኝ፣ "ቲፕ አለሽ አይደል" ብለው ትንሽ ነው የሚከፍሉኝ

ቲፕ ለሚያገኝ ሰው መነሻው ዝቅ ማለቱ ህጋዊ ነው፣ ቨርጂኒያ 2.13፣ ሜሪላንድ 3.63 (ሞንትጎመሪ 4 ዶላር)፣ ዲሲ ከጁላይ 2024 ጀምሮ 10 ዶላር። ዲሲ ላይ በ2022 ህዝቡ መርጦ ይሄ ዝቅተኛ መነሻ ቀስ በቀስ ይጥፋ ብሎ ነበር፣ በ2025 የከተማው ካውንስል (ምክር ቤት) ቀየረውና ጭማሪው በጣም ቀርፋፋ ሆነ። ግን በየትኛውም ቦታ መነሻውና ቲፑ ተደምሮ ሙሉውን ሚኒመም ዌጅ ካልሞላ ልዩነቱን መሙላት ያለበት አሰሪው ነው። ዝናብ ጥሎ ሰው ያልገባበት ሳምንት፣ በረዶ የጣለበት ጃንዋሪ፣ እሱ ሳምንት የናንተ ኪሳራ አይደለም።

ሌላው ቲፕ ላይ በጣም የሚሰራው ነገር ባለቤቱ ወይም ማናጀሩ ከቲፑ ላይ መውሰዱ ነው። ከ2018 ጀምሮ በፌደራል ህግ ባለቤት፣ ማናጀርና ሱፐርቫይዘር ከሰራተኛ ቲፕ ላይ ለራሱ መውሰድ አይችልም፣ ደሞዙን ሙሉ ቢከፍልም እንኳን አይችልም። ከቡና አፍይዋ፣ ከባሩ ልጅ፣ ከባስቦዩ ጋር መካፈል ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ይፈቀዳል። "የካርድ ቲፕ ለኔ፣ የካሽ ቲፕ ለናንተ" የሚል ቤት ካለ ያ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሳህን ተሰበረ፣ ሂሳብ ጎደለ፣ ሰው ሳይከፍል ወጣ እያሉ ይቆርጡብኛል

ተቆርጦ የሚቀረው ከሚኒመም ዌጅ በታች ካወረዳችሁ ህገወጥ ነው። ዩኒፎርምም እንደዛው። ፓርኪንግ የምትሰሩ ሰዎች ይሄ በጣም ይመለከታችኋል፣ ትኬት ጎደለ ተብሎ የሚቆረጥባችሁን በየጊዜው ጻፉት።

"ለሙከራ ነው" ብለው አንድ ሳምንት በነጻ አሰሩኝ

ይከፈላል። ትሬኒንግ ስራ ነው።

ምሳ ሰዓት ሰርተሽ ሂጂ፣ ማታ ተመለሺ እባላለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሄጄ ስራ የለም ብለው ይመልሱኛል

ዲሲ ከሆነ ብዙ ሰው የማያውቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። በቀጠሯችሁ መሰረት ከሄዳችሁ ቢያንስ የ4 ሰዓት ክፍያ አላችሁ፣ አንድ ሰዓት ሰርታችሁ ቢመልሷችሁም። ሺፍቱ ለሁለት ተከፍሎ በመሀል ከአንድ ሰዓት በላይ ክፍተት ካለው ደግሞ በሚኒመም ዌጅ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይታሰባል። ሆም ኬር የምትሰሩ ደግሞ በአንድ ቀን ከአንዱ ሰው ቤት ወደ ሌላው ሰው ቤት የምትሄዱበት ሰዓት የስራ ሰዓት ነው፣ ከቤታችሁ ወደ መጀመሪያው መሄጃው ግን አይቆጠርም።

ሁሉም በካሽ ነው፣ ፔይ ስታብ (የክፍያ ወረቀት) የለኝም፣ ምን ማስረጃ አለኝ?

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ሰዓት መመዝገብ የአሰሪው ግዴታ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1946 ማውንት ክሌመንስ ፖተሪ በሚባለው ጉዳይ ላይ አሰሪው በትክክል ካልመዘገበ ሰራተኛው ባለው ነገር ተመስርቶ ሰዓቱን በግምት ማስረዳት ይችላል፣ ከዛ ትክክል አይደለም የሚል አሰሪ እሱ ያስረዳ ብሎ ወስኗል፣ እስካሁን የሚሰራበት እሱ ነው። ማለትም መዝገብ አለመኖሩ እናንተን ሳይሆን እሱን ነው የሚጎዳው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጀምሩ። ደብተር ግዙ፣ ቀኑን፣ የገባችሁበትን፣ የወጣችሁበትን፣ ስንት ደቂቃ እንዳረፋችሁ ጻፉ፣ በአማርኛም ይሆናል፣ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ በኛ አቆጣጠር "ከ4 እስከ 2 ሰዓት" ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ፣ በኋላ መርማሪው ሌላ ነገር ነው የሚረዳው፣ የፈረንጁን ሰዓት ከኤኤም ፒኤም ጋር ጻፉ። የተቀበላችሁትን ብርም በተቀበላችሁበት ቀን ጻፉ፣ ኤንቨሎፑ ላይ ቁጥር ካለ ፎቶ አንሱት። ወደ ኋላ ያለው ደግሞ ስልካችሁ ውስጥ አለ፣ ጉግል ማፕስ የሄዳችሁበትን መዝግቦ ከሆነ፣ የሜትሮ ስማርትሪፕ ካርዳችሁ በስማችሁ ተመዝግቦ ከሆነ የገባችሁበት የወጣችሁበት ሰዓት፣ የኡበር ሪሲት፣ "ዛሬ ማታ ዝጊ" የሚል ቴክስት፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስኬጁል ፎቶ፣ ዜል (በስልክ ብር መላኪያ) ላይ የተላከ ብር። አብሯችሁ የሰራ ሰውም ምስክር ነው።

እና ከተቻለ ቦሱ በጽሁፍ እንዲመልስ አድርጉ። ጸብ አያስፈልገውም፣ እንዲህ ብላችሁ ቴክስት ላኩ፦ "ጋሼ እንደምን ዋሉ፣ ያለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት እንደተመዘገበልኝ ሊነግሩኝ ይችላሉ? እኔ የያዝኩት 58 ሰዓት ነው፣ የተቀበልኩት ደግሞ 650።" "አዎ ልክ ነው" ብሎ ከመለሰ ማስረጃ ነው፣ ዝም ካለም የናንተ ቴክስት በቀኑ ተይዟል። ስልክ ደውለው "ለምን ትጽፊያለሽ በአፍ አናወራም እንዴ" ካሏችሁ በትህትና አውሩ፣ ስትጨርሱ ያወራችሁትን ደብተሩ ላይ ጻፉት።

አሰሪዬ ያገሬ ሰው ነው፣ እንደውም ዘመዴ ነው፣ ስመጣ ቤቱ አስቀምጦኛል። እንዴት ነው የምከሰው?

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ከህጉ በላይ ከባድ ነው። ቤተክርስቲያን ትገናኛላችሁ፣ ለቅሶ ላይ ትገናኛላችሁ፣ ምናልባት አንድ እቁብ ውስጥ ናችሁ፣ ስፖንሰር ያደረጋችሁ ሰው ወንድም ነው፣ እናታችሁ ሀገር ቤት "እሱ ባይኖር ምን ትሆን ነበር" ይላሉ። ውለታው ውለታ ነው፣ ማንም አይክደውም። ቤቱ ያስቀመጣችሁን ማመስገን፣ ሲታመም መጠየቅ፣ ልጁ ሲዳር ሄዶ ማገዝ ይቻላል፣ የሰራችሁበት ሰዓት ግን ለውለታ መክፈያ ሆኖ ሊቆረጥ አይችልም። እኔ የማየው ነገር ደግሞ ይሉኝታው በአንድ በኩል ብቻ መሆኑ ነው፣ ሰራተኛው ለመጠየቅ ያፍራል ባለቤቱ ግን 60 ሰዓት አሰርቶ 700 ሲሰጥ አያፍርም። እና ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ተጎድቶ አያውቅም፣ እናንተ ዝም ስትሉ ከናንተ በኋላ አዲስ የመጣው ልጅ በዛው ዋጋ ይገባል።

ሚዛናዊ ለመሆን፣ አንዳንድ ትንንሽ ቤቶች ህጉን ሳያውቁ ነው የሚሳሳቱት፣ በተለይ ጁላይ ላይ የሚጨምረውንና ኦቨርታይሙን። ሲነገራቸው የሚያስተካክሉ አሉ። ስለዚህ ካልፈራችሁ መጀመሪያ መንገሩ መጥፎ አይደለም፣ ደብተሩን ግን ከመንገራችሁ በፊት ያዙ።

በሽማግሌ ቢያልቅስ?

ይቻላል፣ እንደውም ብዙ ጉዳይ በዛ ያልቃል። ሶስት ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንደኛ ሽማግሌዎቹ ባለቤቱ ያመጣቸው ብቻ እንዳይሆኑ። ሁለተኛ "ግማሹን ተቀበልና ይቅር በለው" ሲባል ሙሉው ስንት እንደሆነ አስልታችሁ ግቡ፣ ሳያውቁ መቀበልና አውቆ መተው አንድ አይደለም። ሶስተኛና ዋናው በህግ ለማመልከት የተሰጣችሁ ጊዜ ሽምግልና ላይ ናችሁ ብሎ አይቆምላችሁም። "ከፋሲካ በኋላ፣ ከክረምቱ በኋላ" እየተባለ አመት ሊሄድ ይችላል፣ እና እያንዳንዱ ያለፈ ሳምንት ከኋላ እየወደቀ ነው። ጠበቃ ሳያየው ምንም ወረቀት አትፈርሙ።

ስንት ጊዜ አለኝ? ስንትስ አገኛለሁ?

በፌደራል ህግ 2 አመት ነው፣ አሰሪው እያወቀ ያደረገው ከሆነ 3። ዲሲና ሜሪላንድ 3 አመት። የሚቆጠረው ከእያንዳንዱ ክፍያ ቀን ነው፣ ስለዚህ አምስት አመት የሰራ ሰው የመጨረሻዎቹን አመታት መጠየቅ ይችላል፣ የቀደመው ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። በፌደራል የቀረባችሁን ብርና ያንኑ ያህል በላዩ፣ ሜሪላንድ እስከ ሶስት እጥፍ፣ ዲሲ ደግሞ የቀረባችሁ ብር ላይ ሶስት እጥፍ ካሳ ሊጨመር ይችላል። የጠበቃውንም ወጪ ካሸነፋችሁ የሚከፍለው አሰሪው ነው፣ ለዛ ነው ጠበቆች እንዲህ አይነት ጉዳይ ከናንተ ሳይቀበሉ የሚይዙት።

ወረቀት የለኝም / አሳይለም (ጥገኝነት) አመልክቼ ወርክ ፐርሚት እየጠበቅኩ ነው

ለሰራችሁት ሰዓት ሚኒመም ዌጅና ኦቨርታይም ይገባችኋል፣ ህጉ ወረቀት ያለውና የሌለው ብሎ አይለይም። ዌጅ ኤንድ ሃወር ዲቪዥን የሚባለው የፌደራል መስሪያ ቤት ስታመለክቱ ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታችሁ አይጠይቅም፣ ስማችሁንም ለአሰሪው አይናገርም። ያም ሆኖ ፍርሀታችሁ ይገባኛል፣ ስለዚህ ኬዛችሁን የያዘውን የኢሚግሬሽን ጠበቃ መጀመሪያ አማክሩ፣ በተለይ የሌላ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ተጠቅማችሁ ከሆነ የሰራችሁት ሳታማክሩ ምንም ነገር አትጻፉ። አሰሪው "ኢሚግሬሽን ላይ እደውላለሁ" ብሎ ካስፈራራችሁ ቃሉን፣ ቀኑን፣ ማን እንደሰማ መዝግቡ፣ ማስፈራራቱ ራሱ ሌላ ጥፋት ይሆንበታል።

የት ነው የማመለክተው? እንግሊዘኛዬ አይበቃም

ዲሲ ከሆነ በስራ አገልግሎት መስሪያ ቤቱ ስር ያለው ኦፊስ ኦፍ ዌጅ ሃወር ነው፣ የዲሲ አቃቤ ህግ ቢሮም የደሞዝ ስርቆት ጉዳይ ይይዛል፣ በተለይ ብዙ ሰራተኛ የተጎዳበት ከሆነ። ሜሪላንድ የስቴቱ የሌበር ዲፓርትመንት፣ ቨርጂኒያም እንደዛው የስቴቱ ሌበር መስሪያ ቤት። የፌደራሉ ለሁሉም ቦታ ይሰራል፣ ስልኩ 1-866-487-9243 ነው፣ ስትደውሉ "አማሪክ" በሏቸውና አስተርጓሚ መስመር ላይ ያስገባሉ። ዲሲ ላይ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ህግ አለ፣ የከተማው መስሪያ ቤቶች በአማርኛ ማስተርጎም ግዴታቸው ነው፣ ስለዚህ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ለማስተርጎም አትውሰዱ፣ የጎረቤት ሰውም አታስቸግሩ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ የለም ካሏችሁ ያላችሁን ሰው ስም ጻፉ። ጠበቃ ለመክፈል አቅም ለሌለው ዋሽንግተን ሎየርስ ኮሚቴ የሚባለው የጠበቆች ድርጅት የሰራተኞች ክሊኒክ (የህግ ምክር የሚሰጥበት) አለው።

ካመለከትኩ ያባርረኛል

ሊሞክር ይችላል፣ ሰዓት ሊቀንስም ይችላል፣ ግን በጠየቃችሁበት ምክንያት ማድረጉ ህገወጥ ነው። ዲሲ ላይ ካመለከታችሁ በ90 ቀን ውስጥ እርምጃ ከወሰደባችሁ በቀል ነው ተብሎ ይገመታል፣ አይደለም የሚል እሱ ያስረዳ። ይሄ ማለት ግን የቤት ኪራይ የምትከፍሉት አታጡም ማለት አይደለም፣ ስለዚህ ከቻላችሁ ሌላ ስራ እያያችሁ፣ ትንሽ ብር ይዛችሁ ብትጀምሩት ይሻላል። በቁጣ ግን ጥላችሁ አትውጡ፣ ስራ አጥ ክፍያ ላይም ያስቸግራችኋል።

ቴን ናይንቲ ናይን (1099፣ ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው የሚሰጥ የታክስ ፎርም) ነው የሚሰጡኝ፣ "የራስህ ቢዝነስ ነህ" ይሉኛል

ስኬጁል የሚያወጣው አሰሪው ከሆነ፣ እቃው የሱ ከሆነ፣ እንዴት እንደምትሰሩ የሚነግራችሁ እሱ ከሆነ ወረቀቱ ምንም ቢል ሰራተኛ ናችሁ። ጽዳትና ደሊቨሪ ላይ ይሄ በጣም አለ። የሱን ድርሻ ታክስ እናንተ እየከፈላችሁለት ነው ማለት ነው፣ ስታመለክቱ ይሄንንም ጨምሩት።

በካሽ ስለነበር ታክስ አልከፈልኩም፣ ራሴን ማጋለጥ አይሆንም?

የደሞዝ አቤቱታ የምታቀርቡለት መስሪያ ቤት ታክስ ሰብሳቢው አይደለም፣ ደሞዛችሁም በዚህ አይቀርም። ግን እውነቱን ለመናገር ያገኛችሁት ገቢ መታወቅ አለበት፣ አካውንታንት ጋ ሄዳችሁ ያለፈውን አስተካክሉ። ለናንተም ይጠቅማል፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፣ በግምት የ10 አመት ስራ ማለት ነው፣ በካሽ የሰራችሁት አመት እዛ ውስጥ የለም። 55 አመት ሞልቷቸው ይሄን የሚሰሙ እናቶች አሉ፣ ስትሰሟቸው ልብ ይነካል።

ስራውን ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ፣ ቤቱም ተዘግቷል

ጊዜው ካላለፈ መልቀቃችሁ ለውጥ የለውም። ቤት ሲዘጋም ብዙ ጊዜ ባለቤቱ በግል ሊጠየቅ ይችላል፣ ስሙን ቀይሮ ሌላ ቦታ የከፈተም ቢሆን። የባለቤቱን ሙሉ ስም፣ የድሮውን አድራሻ፣ የሊከር ላይሰንስ (የመጠጥ መሸጫ ፈቃድ) ወይም የቢዝነስ ላይሰንስ ላይ ያለውን ስም ያዙ፣ የዲሲ ላይሰንስ ማንም ሰው መፈለግ የሚችለው ነው፣ ከዛ የመጨረሻውን የተከፈላችሁበትን ቀን ካሌንደር ላይ አይታችሁ የቀረውን ጊዜ ቁጠሩና ዛሬውኑ ደውሉ።